የምታፈስ መኪናና የነፋሲት ሙሽራ

ሰኞ፣ ጥር ፲፮ ቀን ፲፱፻፶፰

ውኃው ከመኪናዋ ሥር ተነሥቶ እስከ አጥሩ በር ወርዷል። መጀመሪያ ሠራተኛዬ ወለል ያጠበችበትን የደፋች መስሎኝ ልቆጣ አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ሠራተኛ እንደሌለኝ ትዝ አለኝ። ተመላላሽ ነበረች፤ ከሄደች ሦስት ወሯ ነው።

ጣቴን ነከርኩ፤ ይሞቃል። ቀመስኩትም፤ ለምን እንደቀመስኩት አላውቅም። ዝገት ዝገት ይላል። የሞተሩ ውኃ ነው።

ከፍርድ ቤት ስመለስ የሙቀት መለኪያዋ መርፌ ከመሐል አልፋ ወደ ቀዩ ስትጠጋ አይቻለሁ። ፀሐዩ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። በጥር የአሥመራ ፀሐይ ሰውን እንኳ አያሞቅም። ማየት የማልፈልገውን ነገር እያየሁ አላይም፤ ይህ አመሌ ከዚህ በፊትም ባል አሳጥቶኛል።

ለእሑድ ስድስት ቀን ቀረው።

እሑድ የወይዘሮ ለተብርሃን ወንድ ልጅ ያገባል። ለተብርሃን የአጥር ጎረቤቴ ናት። ሙሽራዋ የነፋሲት ልጅ ስለሆነች ያን ጠመዝማዛ አቀበት አውጥቶ እዚህ ገጀረት የሚያደርሳት መኪና ያስፈልጋል። በጥምቀት ማግስት ለተብርሃን አጥሩን ተደግፋ፣ «ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ማኪናሽን ለመርዓ፣ ለሠርጉ፣ ትሰጪናለሽ?» አለችኝ። ገና ሳትጨርስ እሺ አልኳት።

በሁለት ዓመት ውስጥ ከሰላምታ ሌላ የተናገረችኝ የመጀመሪያው ነገር ነው። ምክንያቱን አውቀዋለሁ። በመሬት ክርክር ሲሸነፉ ፍርዱን በትግርኛ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ፍርዱ የዳኛው ነው፤ ድምፁ ግን የእኔ ነበር። አስተርጓሚ ሰው አይጠላውም ይላሉ፣ አስተርጓሚ ሆነው የማያውቁ ሰዎች።

መኪናዋ እንደታመመች ካወቁ ሌላ ይፈልጋሉ። ሌላ ካገኙ እኔን የሚጠሩበት ምክንያት የለም። ስለዚህ ማንም እንዳያውቅ።

ማክሰኞ፣ ጥር ፲፯

ከመንጋቱ በፊት ተነሥቼ በባልዲ ውኃ ሞላኋት። የቧንቧው ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ከተማ የመጠጥ ውኃን ለመኪና ማጠጣት ነውር ነው። ድምፅ እንዳይሰማ በቀስታ፣ እንደ ሌባ፣ በራሴ ግቢ።

ያየሁት፦
— ማታ ከሥሯ ያነጠፍኩት ካርቶን ጠዋት ደረቅ ነው። ተኝታ አታፈስም።
— ሞተሩ ከተነሣ በኋላ አምስት ደቂቃ ያህል ምንም የለም።
— ሲሞቅ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ከዚያ ይወርዳል።
— የሚወርደው ከፊት ነው፣ ከማራገቢያው በታች።

ባሌ ወደ ሐረር ተዛውሮ እዚያው ሌላ ትዳር ሲይዝ የተወልኝ ይህችን መኪናና አንድ የመሣሪያ ከረጢት ነው። ከረጢቱን ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታሁት። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የተጣመመ መፍቻ፣ የጋዜጣ ቅዳጅ። ላይኛው የላስቲክ ቱቦ ላይ ያለውን ማሰሪያ በካቻቢቴ አጠበቅሁት። አውራ ጣቴ ተላጠ። ሞተሩን አስነሥቼ ዐሥር ደቂቃ ጠበቅሁ፤ ጠብ አላለም። እጄ ላይ ያለውን ጥቁር ቅባት ሳላጥብ መስታወት ፊት ሄጄ ራሴን አየሁት። ደስ አለኝ።

ማታ ስመለስ ያው ነው። ግማሹ ውኃ የለም።

ሠፈራችን ጋራዥ አለ፤ ግን የለተብርሃን ባል ሲመሽም ሲነጋም የሚቀመጠው እዚያ ደጃፍ ነው። እዚያ መኪናዬን ከምወስድ በእግሬ ነፋሲት ብወርድ ይሻለኛል። የፍርድ ቤቱን ሾፌር፣ የማውቀው ሰው መኪና እንደታመመ አስመስዬ ጠየቅሁት። ነገሩን የሴት ወሬ አድርጎት ሳቀ፤ ቢሆንም መከረኝ። የተወቀጠ ተልባ፣ አንድ ጭብጥ፣ ሞተሩ ሞቅ እንዳለ በራዲያተሩ አፍ። በምጽዋ መንገድ ስንት ጭነት መኪና አድኜበታለሁ አለ።

ረቡዕ፣ ጥር ፲፰

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ተልባውን ገዛሁ፣ ቆላሁ፣ ወቀጥኩ። መቆላት ይኑርበት አይኑርበት አልነገረኝም ነበር። ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ እያልኩ ለብቻዬ ሳቅሁ። ሙቀጫውን ካወጣሁት ዘመን የለውም፤ ለአንድ ሰው ምን ይወቀጣል?

ጨመርኩ። እስከ ፓራዲዞ ሠፈር ደርሼ ተመለስኩ። አንዲት ጠብታ የለም። ካርቶኑ ላይ ተንበርክኬ ከሥር አየሁ፣ በእጄ ዳሰስኩ። ደረቅ ነው።

የሠርጉን ቀሚስ ተኮስኩ። የትኛውን ጫማ እንደማደርግ ሁለት ሰዓት አሰብኩ። ለመንዳት ዝቅ ያለው ይሻላል። አሁን እንግዲህ ልጻፈው፦ አንቺ ትነጃለሽ ያለኝ ሰው የለም። መኪናሽን ነው ያሉት። እኔ ግን ሳምንት ሙሉ ራሴን መሪው ላይ አያለሁ፤ ሙሽሮቹ ከኋላ፣ እኔ ከፊት፣ ሰዉ በመንገዱ ዳር እልል ሲል። ዐርባ ሁለት ዓመቴ ነው። ለማንም የማልናገረውን እዚህ እጽፋለሁ።

ለተብርሃን ልብስ ስታሰጣ በአጥሩ በኩል፣ «ማኪና ደሓን ዶ?» አለችኝ። ደሓን፣ ደህና ናት አልኳት። ቀና ብላ አንድ ጊዜ አየችኝና ልብሷን መዘርጋት ቀጠለች። የሰው ውሸት ስተረጉም እውላለሁ፤ ይኼኛው የራሴ ነበር።

ሐሙስ፣ ጥር ፲፱

ጉድ ሆንኩ።

ፍርድ ቤቱ ልደርስ ጥቂት ሲቀረኝ፣ ትንሿ ዳገት ላይ፣ መርፌዋ ቀዩን አልፋ ሄደች። ከፊት ነጭ እንፋሎት ተነሣ፣ ምንም የማይታይ ሆነ። ዳር አስይዤ ወረድኩ። ሰው ተሰበሰበ። የሁሉም ምክር አንድ ነው፦ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቺው። እጄን ልሰድ ስል አንድ ሽማግሌ ከብስክሌታቸው ሳይወርዱ፣ «ጓለይ፣ ልጄ፣ ፊትሽን ትወጂዋለሽ?» አሉኝ። እጄን መለስኩ።

ስማቸው አቦይ ሃብቱ ነው። በጣሊያን ጊዜ ጋራዥ ሠርተው አሁን ፓራዲዞ ግቢያቸው ውስጥ ይሠራሉ። ግማሽ ሰዓት አስጠበቁኝ። ከዚያ እርጥብ ጆንያ አልብሰው ክዳኑን ከፈቱ፣ ጣታቸውን ሰደዱ፣ አወጡ፣ አሸተቱት። የተቆላ ተልባ ገንፎ። ጣታቸውን ለተሰበሰበው ሰው ሁሉ አሳዩ። እኔ መሬት ባሳየችኝ ቀዳዳ ብገባ ደስ ይለኝ ነበር።

«ማን ነው ይህን ያለሽ?»

ሾፌሩን አልከዳሁትም። ራሴ ነኝ አልኳቸው።

አንድ የአሸዋ ጭነት መኪና በገመድ ጎትቶ ፓራዲዞ አደረሰልኝ። በገጀረት በኩል እንዳያልፍ ለምኜ ዞርን። ቢሮ አንድ ሰዓት ተኩል አርፍጄ ገባሁ። ቀኑን ሙሉ ስለ ድንበር ሲከራከሩ ተረጎምኩ፤ አንድም ቃል ትዝ አይለኝም።

ዓርብ፣ ጥር ፳

ፈቃድ ጠይቄ ከሰዓት በኋላ ፓራዲዞ ዋልኩ።

አቦይ ሃብቱ ሲሠሩ አይናገሩም። ቺንጋውን፣ ማራገቢያውን የሚያዞረውን ቀበቶ፣ ፈቱ፤ ከዚያ የውኃውን ፖምፓ ዘንግ በሁለት ጣት ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቁት። እንደ ላላ ጥርስ ይነቃነቃል። እጄን ወስደው አስነቀነቁኝ። ከፖምፓው ሥር፣ ካላወቁት የማይታይ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ አለች። ከእሷ ወደታች የዝገት መስመር ወርዷል።

«ይህች ቀዳዳ ሆን ተብላ ነው የተበሳች» አሉኝ። «ውስጥ ያለው ጎማ ሲያልቅ ባለቤቱ እንዲያውቅ በዚህ ያፈሳል። መኪናዋ ነገረችሽ። አንቺ አፏን በተልባ ዘጋሽ።»

ከመደበር፣ ያረጀ ብረት ከሚቸረቸርበት፣ ከተጣለ መኪና ላይ የተፈታ ደህና ፖምፓ አስመጡ። በፖምፓውና በሞተሩ መሐል የሚገባው ወረቀት የለም፤ ስለዚህ ጠንካራ ካርቶን ፖምፓው አፍ ላይ አስደግፈው ጠርዝ ጠርዙን በትንሽ መዶሻ ቀስ እያሉ ቀጠቀጡት። መቀስ የለ፣ ልኬት የለ፣ ብረቱ ራሱ ወረቀቱን ይቆርጠዋል። «ያዢ፣ እንዳይንሸራተት» አሉኝ። ያዝኩ። ትንፋሼን ሁሉ ይዤ ያዝኩ። ሲያልቅ ቀዳዳዎቹ ሳይቀሩ ልክክ ብለው ተቆርጠዋል። በእጄ ሥራ ከሠራሁ ስንት ጊዜዬ ነው? የኔ ሥራ አፍ ብቻ ነው።

ገጠሙ። አጠበቁ። ተነሣች። ሃያ ደቂቃ ሁለታችንም አጎንብሰን አየን። አንዲት ጠብታ የለችም።

ልስማቸው ስነሣ በእጃቸው ከለከሉኝ። ፖምፓው ድኗል፤ ራዲያተሩ ግን አልዳነም። ተልባው ቀጫጭን ቧንቧዎቹ ውስጥ ተጋግሯል። ቢያጥቡትም ግማሹ አልወጣም። ተፈትቶ በቀጭን ሽቦ አንድ በአንድ መጠረግ አለበት። «በሜዳ ትሄዳለች። አቀበት አታውጪያት።»

እሑድ ከነፋሲት ሙሽራ አመጣለሁ አልኳቸው። ዛሬውኑ እንዲፈቱት ለመንኩ። መሽቷል፤ ነገ ማርያም ናት፣ በማርያም ብረት አልነካም አሉ። እጃቸውን በናፍጣ እየታጠቡ፣ «ለባለ ሠርጓ ንገሪያት» አሉኝ።

ቀላል ነገር አስመሰሉት።

ቅዳሜ፣ ጥር ፳፩፣ አስተርእዮ ማርያም

አልነገርኩም። ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ በቀጥታ ወደ ነፋሲት መንገድ ነዳሁ። ሽማግሌ ይሳሳታል ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ቁልቁለቱን ስወርድ መርፌዋ እንቅልፍ ላይ ናት። ከአርባሮባ መንደር ትንሽ ዝቅ ብዬ ዞርኩ። በሁለተኛ ማርሽ መውጣት ጀመርኩ። የመጀመሪያው መታጠፊያ፣ መሐል። ሁለተኛው፣ ከመሐል በላይ። «አይዞሽ፣ አይዞሽ» እላታለሁ፣ ድምፄን አውጥቼ። አራተኛው ላይ ቀዩን ነካች። ዳር ያዝኩ፣ አጠፋሁ፣ ኮፈኑን አንሥቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

እኔ ብቻ ነበርኩ የተጫንኩት። ነገ አራት ሰው፣ ሻንጣ፣ ያ ሁሉ ቀሚስ።

ገደሉ በጉም ሞልቷል። ጭነት መኪናዎች እያለፉ ጡሩምባ ይነፉብኛል። እዚያ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ስለ መኪና አይደለም። አሥመራ ከመጣሁ በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ሰው ፈልጎኝ እሱም በዚህች ብረት ምክንያት ሆኖ፣ እሷንም በገዛ እጄ ገንፎ አጎረስኳት።

ዝም ብዬ ቁልፉን ብሰጣቸውስ? ሌላ ሰው ይነዳል፣ አቀበቱ ላይ ትፈላለች፣ መኪና ነው ይበላሻል ይባላል። እኔም ተጠርቼ፣ ተመርቄ፣ በልቼ እገባለሁ። ይህን አስቤዋለሁ። አንድ ደቂቃም አይደለም፣ ረዘም አድርጌ ነው ያሰብኩት። ከዚያ ሙሽራዋ ነጭ ለብሳ መንገድ ዳር ቆማ ስትታየኝ አፈርኩ።

ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ውኃ ጨምሬ፣ እየቆምኩ እያረፍኩ ወጣሁ። ግቢዬ አቆምኳትና ሳልታጠብ ለተብርሃን ቤት ሄድኩ። ዳሱ ተጥሏል። ዐሥራ አምስት የሚሆኑ ሴቶች ሽንኩርት ይከትፋሉ። ስገባ ዝም አሉ። የመንግሥት ሰው ሲገባ የሚባለው ዝምታ ነው፤ ከፍርድ ቤት አዳራሽ አውቀዋለሁ።

እዚያው መሐላቸው ቆሜ ተናገርኩ። መኪናዬ ከሰኞ ጀምሮ ታማለች፣ ደብቄሻለሁ፣ ረቡዕ ደሓን ናት ያልኩሽ ውሸቴን ነው፣ አቀበት አትወጣም። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። የሰው ቃል ስናገር አይንቀጠቀጥም።

ለተብርሃን እጇን በመቀነቷ ጠረገች። «እወ፣ እናውቃለን» አለች። ውኃው በአጥሩ በር ወጥቶ መንገድ ላይ ሲወርድ ማክሰኞ አይታዋለች። ባሏም ሐሙስ በገመድ ስጎተት ያየኝ ሰው ነግሮታል። መኪና ዓዲ ጓዕዳድ መንደር ከሚኖር ወንድሟ ረቡዕ ዕለት አግኝተዋል።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

ሴቶቹ ቢላዋቸውን አቁመው ያዳምጣሉ።

«ብነግርሽ አትመጪም ብዬ፣ ሓፍተይ።»

ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ነው ያለችኝ። ወንበር ሊያመጡልኝ የተነሡትን አስቀምጣ፣ ቢላዋ ሰጠችኝና ሽንኩርቱን አሳየችኝ። እንግዳ ይቀመጣል፤ ቢላዋ የሚሰጠው ለጎረቤት ነው። እስኪጨልም ከተፍኩ። በሽንኩርት አሳብቤ ደግሜ አለቀስኩ፣ ማንም አልጠየቀኝም።

እሑድ፣ ጥር ፳፪

ከሴቶቹ ጋር በአውቶቡስ ነፋሲት ወረድን። ከበሮው ከኋላ ነው፣ እኔ ከፊት ከሾፌሩ አጠገብ። ዘፈኑን አላውቀውም። ቃሉን እሰማለሁ፣ ትርጉሙን አውቃለሁ፣ ግን መቼ ማጨብጨብ እንዳለብኝ አላውቅም፤ ሁልጊዜ በአንድ እዘገያለሁ።

አንዲት የነፋሲት ሴት፣ እኔን በአገጯ እያሳየች፣ ማን ናት ብላ አጠገቧ ያለችውን ጠየቀቻት። «ማኪና ዘለዋ እያ» አለቻት። ባለመኪናዋ ናት። መኪናዬ ገጀረት ግቢ ውስጥ ቆማለች፣ እኔ እዚህ በአውቶቡስ መጥቻለሁ፣ አሁንም ባለመኪናዋ ነኝ። ሳቄ መጣ። ከዚያ አልሳቅሁም።

ሙሽራዋ ቆንጆ ናት፣ ፈርታለች። የዓዲ ጓዕዳዱ መኪና አንድ ጊዜ እንኳ ሳይቆም ወጣ።

ዳሱ ውስጥ ከፊት፣ ከቄሶቹ ቀጥሎ፣ የክብር ወንበር ሰጡኝ። እምቢ ብልም አልሰሙኝም። ከክብር ወንበር ላይ ማን ጋር ይሳቃል? ትናንት አብረውኝ ሽንኩርት የከተፉት ወዲያ ጥግ ተቃቅፈው ይጨፍራሉ። አንዷ በእጇ ጠራችኝ መሰለኝ። ዞር ብዬ ከኋላዬ ያለውን ሰው አየሁ፣ እሱን የጠራች መስሎኝ። መልሼ ስመለከት ጭፈራው ውስጥ ገብታለች።

ሳይመሽ ወጣሁ። ለተብርሃንን ልሰናበት ፈለግሁ፤ በሰው ተከባለች። ቢላዋው ምናልባት ለማጽናናት ነበር። ተንኮል የለበትም፣ ሰው አፍሮ ሲቆም የሚደረግ ነው። ከዘፈኑ ይልቅ የግቢዬ ጸጥታ ዛሬ በጣም ይሰማል።

ሰኞ፣ ጥር ፳፫፣ ጾመ ነነዌ

የምሳ ሰዓት ነው፣ ምሳ ግን የለም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። ቢሮ የምገባውም ያን ጊዜ ነው። መኪናዋን ጠዋት በሜዳው መንገድ ቀስ ብዬ ፓራዲዞ አድርሻታለሁ። አቦይ ሃብቱ ስለ ሠርጉ አልጠየቁኝም፤ ራዲያተሩን መፍታት ጀምረዋል።

ሰባት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ለተብርሃን ናት። ነጠላዋ ወጥ በወጥ ሆኗል፣ ዐይኗ ቀልቷል፣ እግሯ አብጧል። ቤቷ ገና በእንግዳ ሞልቷል፤ ጫጫታው እዚህ ድረስ ይሰማል። የነፋሲት ሰዎች ዛሬ እንደሚመለሱ ሰምቻለሁና ገና ሳትቀመጥ፣ መኪናዋ ፓራዲዞ ናት፣ ተፈታታለች፣ እስከ ሐሙስ አትደርስም አልኳት። በአንድ ትንፋሽ ነው ያልኩት።

«ማኪና አልጠየቅኩሽም» አለችኝ።

ታዲያ ምን ላድርግልሽ አልኳት። ጾም ነው፤ የማቀርበው ነገር የለም፣ ሻሂ እንኳ አልችልም አልኳት።

«ምንም። ልቀመጥ ነው።»

ተቀመጠች። ባሌ ይቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ። ጫማዋን አወለቀች፣ አንዱን በአንዱ እግሯ ገፋ አድርጋ። ስለ ሠርጉ ታወራ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። ስለ መሬቱም ታነሣ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። አንዱንም አላነሣችም። ስለ ጉልበቷ ሕመም ጀመረች፣ መሐል ላይ አቆመች። ቀና ብዬ ባያት እንቅልፍ ወስዷታል።

በዚህ ቤት ከእኔ ሌላ ሰው ከተኛ ሁለት ዓመት አልፎታል። ታንኮራፋለች። ብዕሩ እንዳይሰማት ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። ነጠላዬን ጉልበቷ ላይ ጣል አድርጌላታለሁ፤ አልነቃችም።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነው። ዛሬ ሁለት ችሎት አለብኝ። በእግር ሃያ አምስት ደቂቃ ነው፣ አሁን ብነሣም አረፍዳለሁ። ብቀሰቅሳት አፍራ ትሄዳለች፣ ብወጣ በባዶ ቤት ትነቃለች። ዳኛው ይቆጣሉ። ይቆጡ። እስክትነሣ እቀመጣለሁ።